ልጅ ዐሥራ ሁለተኛውን ክፍል በፈጸመ ጊዜ

ቀድሞ በሐይቅና በአምባሰል አንድ ልጅ ለትምህርት ከአባቱ ቤት በወጣ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት የሚጠይቀው ጥያቄ «ወዴት ሄደ?» የሚል ነበረ። ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ድምፁ ያማረለት ድጓ ሊማር ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የወደደ ወደ ዙር አባ፥ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር፥ ቅዳሴ ሊያጠና የቈረጠ ወደ ደብረ ዓባይ ያቀናል፤ ነገርን በነገር መጠቅለልና መፍታት ደስ የሚለው ደግሞ ወደ ዋድላ፥ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይጓዛል። ቤቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም ቤት የራሱ መምህር፥ የራሱ ማዕርግ፥ የራሱ ክብር አለው። የድጓው ሊቅ የቅኔውን ሊቅ ቢንቀው በልቡ ነው እንጂ በአደባባይ አይናገረውም። ቅኔ እንቢ ያለው ተማሪም ወደቀ አይባልም፤ ቤቱ አይደለም ይባልና ሌላ ቤት ይፈለግለታል።

ዛሬ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን «ስንት አመጣ?» የሚል ነው። መልሱም አንድ ቍጥር ነው፤ ከቍጥሩ በኋላ ጠያቂው ወይ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፥ ወይ ከንፈሩን መጦ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከንፈር የሚመጠጥለት ልጅ እጅግ በዝቷል። በዚያ የመጀመሪያ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ፈተና ከመቶ 3.2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ከ670 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች ያለፉት ከ36 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው፥ ይኸውም ከመቶ 5.4 ማለት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ደረሰ። ኵረጃ ቀርቶ እውነተኛው ልክ ታየ የሚሉ አሉ፤ ነገሩም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሚዛን እውነተኛነት በሚዛኑ ላይ ቀልሎ ለተገኘው ምን እንደሚደረግለት አይናገርም። ከመቶ ልጆች ዘጠናውና ከዚያም የሚበልጡት በማግስቱ ጠዋት ይነሣሉ፤ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ አባትና እናትም አሏቸው።

በደቡብ ወሎ ደግሞ የእነዚህ ልጆች ትምህርት ሳይቈራረጥ የሄደበት ዘመን ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተፈተነው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሳለ በኮሮና ደዌ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ዐሥረኛ ክፍል ሳለ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነት ሐይቅንና ደሴን ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ደጁን ዘጋ። እንዲህ ባለ ዘመን ያደገውን ልጅ በአንድ ቍጥር መዝኖ ማሰናበት ፍርድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሐይቅ ይህን ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ልታውቀው የሚገባት ናት። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት፥ ቀድሞ ደሴት የነበረች ዛሬም ከየብስ ጋራ የተያያዘች መሬት፥ በኢትዮጵያ ውስጥ ልጅን አስተምሮ መንገዱን በማሳየት የከበረች ናት። በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተምረው መጥተው በዚህ ጉባኤ ዘረጉ፤ መጻሕፍት አስገለበጡ፤ ከየአገሩ የመጣውን ደቀ መዝሙር አስተማሩ። ከእነርሱ አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ዓመታት ከቈዩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ ይኸውም መምህራቸው ራሳቸው ወደ ተማሩበት ቤት ነው። ደቀ መዝሙሩን ከእኔ ሌላ መምህር አትፈልግ የማይል መምህር ብዙ አይገኝም፤ የዛሬ ወላጅ ይህን አንድ ነገር ብቻ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ቢማር በቂው ነበረ።

ከዚህ ይልቅ ለነገሩ የሚቀርበው ግን የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ታሪክ ነው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ሐይቅ ሰደዱት። ገድሉ እንደሚተርከው ልጁ ሰባት ዓመት ተቀምጦ ትምህርት አልገባው አለ፤ መምህሩም ለአባትየው መልሶ ሰደደላቸው። አባት ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም ብለው መለሱት፤ ልጁም በገዳሙ ወፍጮ እየፈጨ ያገለግል ጀመረ። ሴት በማይገባበት ገዳም መፍጨት የወንድ ሥራ ነውና። በኋላ በእመቤታችን አማላጅነት አእምሮው ተከፈተለት፤ አርጋኖንን፥ መጽሐፈ ምሥጢርንና መጽሐፈ ሰዓታትንም ያ ወፍጮ ፈጪ ደረሰ።

ይህን ታሪክ በዐውደ ምሕረት የሚሰብኩ ብዙ ካህናት ታገሥ፥ ጸልይ፥ ይከፈትልሃል ብለው ይጨርሱታል። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ የሰዎቹ ድርሻ ግን ሳይታይ ይቀራል። ትምህርት እንቢ ያለውን ልጅ ገዳሙ ከደጅ አላወጣውም፤ የሚሠራው ሥራ ሰጠው፤ ሥራውም ለማኅበሩ ሁሉ እንጀራ የሚሆን ነበረና አላሳፈረውም። ጊዮርጊስ አእምሮው እስኪከፈት የቈየው በወፍጮ ቤት ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ባይኖር ኖሮ የት ይቈይ ነበረ? የዛሬው ልጅ ቍጥሩን በስልክ ካየ በኋላ የሚቈይበት ቤት የለውም። ጎዳናው ዳር ይቆማል፤ እዚያም ደላላው ያገኘዋል።

በአምባሰል ከውጫሌ በላይ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ ቄስ በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን የገጠማቸው ይኸው ነው። የበኵር ልጃቸው ሐይቅ ከተማ ከጓደኞቹ ጋራ ቤት ተከራይቶ፥ በየቅዳሜው ስንቅ ከቤት እያመላለሰ ተምሮ ነበረ። ውጤቱ በመጣ ጊዜ ከግማሽ በታች ሆነ፤ ለማካካሻው ትምህርት የሚጠየቀውንም አልደረሰም። ልጁ ሦስት ቀን ከሰው ጋራ ሳይነጋገር ሰነበተ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ስለ እርሱ ተነጋገረ፤ ያነጋገረው ግን የለም።

አባት፥ ድቁና አለው፥ ቅኔ ቤት ይግባና እንደ አያቶቹ ይሁን አሉ። እናት፥ በግል ይፈተን፥ ዳግመኛ ይሞክር አሉ፤ ለዚህም ከመቀነታቸው የቋጠሩት ጥቂት ብር ነበራቸው። የእናቱ ወንድም ደግሞ ዓረብ አገር ይሂድ አለ። አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሴት ልጁ ጅዳ በሰው ቤት እየሠራች ቤቱን ቆርቆሮ አልብሳዋለች፤ ያየውን ነው የተናገረ። ደላላ አግኝቶ ዋጋ ተነጋግሮ ነበረ፤ ግማሹ በበሬው ሽያጭ፥ ግማሹ ልጁ ሲደርስ የሚከፈል። ሦስቱም ልጁን ይወዱታል። ሦስቱም የተናገሩት ግን ስለ ራሳቸው ነው፤ አባት ስለ ዘራቸው፥ እናት ስለ ተስፋቸው፥ አጎት ስለ ቆርቆሮው።

ነገሩ የተለወጠው ለዘመን መለወጫ ዘመድ ጥየቃ በመጡ በአንድ የቅኔ መምህር ምክንያት ነው። የኔታ ከቄሱ ጋራ በተማሪነት አብረው ደበሎ የለበሱ ናቸው። ከሰንበቴ በኋላ በቄሱ ቤት ቡና ተፈልቶ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ በሐይቅ ሁለተኛ ደረጃ ብዙ ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ነበሩ፤ በሐይቁ ዳር ሽንኵርት የሚያለሙ፥ ለቄሱ ቤት በችግር ቀን እህል ያበደሩ አንድ ሐጂም ነበሩ። ልጁ በበሩ አጠገብ ቆሞ ነበረ። የኔታ እንዲቀመጥ አዘዙት፤ ይህ ራሱ በቤቱ አዲስ ነገር ነበረ።

ሁሉም ልጁ ምን ይሁን እያለ ሲናገር የኔታ ዝም ብለው ሰሙና ወደ ልጁ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ ባለፈው ክረምት ማንም ሳያዝህ የሠራኸው ሥራ ምንድር ነው?» አሉት።

ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። ቡናውን የምትቀዳው ታናሽ እኅቱ ግን ከረከቦቱ ቀና ሳትል፥ «የሐጂን ሞተር ያስነሣው እሱ ነው» አለች።

ሐጂ ሣቁ። ውሃ የሚስበው ሞተር በሰኔ ተበላሽቶባቸው ከደሴ ሠሪ ቢያስመጡ ሁለት ቀን ደክሞ ጥሎት ሄደ፤ ልጁ ግን እየፈታ እየገጠመ በአምስተኛው ቀን አስነሣው። ውጫሌ በገበያ ቀን ባጃጅ ከሚጠግነው ሰው ዘንድም እየሄደ መፍቻ ሲያቀብል ይውል እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተሰማ። አባት ተገረሙ፤ ጥቂትም ተቈጡ።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«አባ፥ ደብተሩን ትቶ ግራሶ ይነካል ብለው ይቈጡኛል ብዬ ነው።»

በቅኔ ቤት ልማድ መምህሩ ለተማሪው ቅኔ አይቈጥርለትም። ተማሪው ቀን በዱር ወይም በመቃብር ቤት ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል እንጂ የራሱን ቅኔ አንሥቶ በልጁ አፍ አያኖርም። ጀማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ያን ሳይሞላ ሥላሴ ወይም መወድስ አይታዘዝም። ብዙ ወላጅ ግን ልጁ ገና ጉባኤ ቃናውን ሳይሞላ መወድስ ዝረፍ ይለዋል፤ ቤት ያልደፋለት እንደ ሆነም ራሱ ይዘርፍለታል። የኔታ በዚያ ቀን የያዙት የራሳቸውን ሙያ ሥርዐት ነበረ።

ለቄሱ እንዲህ አሏቸው፤ «አባ፥ ለቅኔ ቤት የሚሆን ልጅ ሌሊት ቃል ሲያገላብጥ ያድራል። ይህ ልጅ ሲያገላብጥ የሚያድረው ብሎን ነው። ብላቴናው ሳሙኤል በተጠራ ጊዜ ዔሊ የጠራው እርሱ እንዳልሆነ ነግሮ ሁለት ጊዜ መልሶ አስተኛው፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ጥሪው የማን እንደ ሆነ ገባው። አንተና እኔም ሽማግሌ ነን፤ ልጁን የጠራነው እኛ አይደለንም እንበል። ድቁናው የትም አይሄድ፤ እሑድ እሑድ ይቀድስበታል።»

ቄሱ ወዲያው አልተቀበሉም። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የወረደ ክህነት በበኵር ልጅ ላይ ሲያቋርጥ ማየት ቀላል አይደለምና ጥቂት ተክዘው ተቀመጡ። የተማረ ሰው ይህን ኀዘን እንደ ኋላ ቀርነት ቈጥሮ ሊስቅበት አይገባም። እንዲሁም የቀድሞውን ትምህርት ቤት ያለ ነውር ማድረግ አይገባም፤ በራብና በወረርሽኝ በመንገድ የቀረ የቆሎ ተማሪ ብዙ ነው፤ ለሴት ልጅም በሩ እጅግ ጠባብ ነበረ፤ በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ማስተማራቸው እስከ ዛሬ የሚደነቀው እንደ እርሳቸው ያሉ ጥቂት ስለ ሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ዓረብ አገሩ ነገር ተነሣ። ለዚህ የተናገሩት ሐጂ ናቸው። «ወላሂ፥ እኔ ሁለት ልኬአለሁ» አሉ። «አንዱ ጂዛን ግንብ ይሠራል፤ በረመዳን ይደውላል። ሁለተኛው ኦቦክ ደርሻለሁ ብሎ ደወለ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው፤ እናቱ ስልኳን ስትተኛም አታጠፋም።» ከዚህ ሌላ አልጨመሩም፤ ሲኒያቸውን አስቀመጡና ዱዓ አደረጉ። አጎትየውም ስለ በሬው ዳግመኛ አላነሣም።

በወሎ ይህን ዐይነት ነገር ያልሰማ ቤት ጥቂት ነው። መንገዱ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፥ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚሄድ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ከ160 ሺህ ይበልጡ ነበረ። ይህን ሁሉ እያወቀ ወጣቱ የሚሄደው ደፋር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ወገን ያለውን በር ቈጥሮ ያሳየው ስለሌለ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚሄደውም ቢሆን በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል ይፈርማል። ውጫሌ ደግሞ የዚህን ነገር ዋጋ የምታውቅ አገር ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያች ስፍራ በተፈረመው ውል ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚያደርጉት ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው፤ ከዚህም የተነሣ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ስንት ነፍስ ጠፋ። ከዚያች አገር የወጣች ልጅ ያላነበበችውን ወረቀት ፈርማ ስትሄድ ማየት ታሪክን እንደ ሰማ ለሚያውቅ ሰው ከባድ ነው።

ጡረታ የወጡት መምህር በበኩላቸው ሒሳብ ዐዋቂ ናቸውና ወረቀት አስመጥተው እየጻፉ አስረዱ። በግል ዳግመኛ መፈተን ይቻላል፤ በሩ አልተዘጋም፤ ነገር ግን ሙሉ ዓመት ቤት ተቀምጦ ማንበብ ለዚህ ልጅ ጠባይ አይስማማም፤ ሙያ እየተማረም ቢሆን ሊፈተን ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጨረሰውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪውን አያገኝም፤ ካገኘም በኋላ በወጪ መጋራት የተጻፈበትን ዕዳ ይከፍላል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ደግሞ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ የብቃት ምዘና አለ፤ ምዘናውን ያለፈ የምስክር ወረቀት ይዞ ሥራ ሊገባ ወይም ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊያልፍ ይችላል። ይኸውም እንደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ከዳዊቱ ያቆመ ዳዊቱ ይቀርለታል፤ በዩኒቨርሲቲ ግን ከሦስተኛው ዓመት የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ደሴ ቅርብ ናት፤ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራው የታወቀው ትምህርት ቤት እንኳ ዛሬ ስሙን የያዘው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ከደሴ ወረድ ቢሉ ኮምቦልቻ አለ፤ ከጨርቃ ጨርቁና ከቢራው ፋብሪካ ሌላ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለው። ሥራ ይገኛል ብሎ ማንም ሊምል አይችልም፤ መምህሩም አልማሉም። ነገር ግን ሞተር የሚጠግን ሰው በሐይቅ ዙሪያ ለመስኖ፥ በውጫሌ ለባጃጅ፥ በመርሳ ለወፍጮ ይፈለጋል፤ ፋብሪካው ቢዘጋ እንኳ ወፍጮው አይዘጋም። (ወፍጮ ዛሬም የልጅ መጠጊያ መሆኑን ያን ቀን ያስተዋለ አልነበረም።)

የኔታ ሊነሡ ሲሉ አንድ ነገር አዘዙ፤ ሳታዩ አትቍረጡ አሉ። በአገራችን ልጅን ለትዳር ሲሰጡ ሰባት ቤት ዘር የሚቈጥር ወላጅ፥ ልጁን ለዐሥር ለሃያ ዓመት ሥራ ሲሰጠው ግን የሥራውን ደጅ እንኳ ረግጦ አያውቅም። ስለዚህ አባትና ልጅ በመስከረም አጋማሽ በሚኒባስ ተሳፍረው ደሴ ወረዱ። የኔታ እንዳዘዟቸው መዝጋቢውን ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቹን ጠየቁ። በአንደኛው ኮሌጅ ግቢ ግራሶ የነካው ካፖርት የለበሰ አንድ ልጅ አግኝተው የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽግ ነገራቸው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሞተር እንደማይነኩ፥ ብረት በሞረድ እያስተካከሉ እንደሚውሉ፥ ብዙ ልጅ በዚያ ሰልችቶ እንደሚወጣ። ቄሱ ይህን ሰምተው ልጃቸውን ተመለከቱ። ልጁ ግን ሞረዱን ከልጁ እጅ ተቀብሎ አገላብጦ እያየ ነበረ፤ ጥያቄውም ስለ ሰሌዳው ሳይሆን ስለ ቶርኖው ነበረ።

ወጪው ተቈጠረ። ከሁለት የአምባሰል ልጆች ጋራ አንድ ክፍል ለመከራየት፥ ስንቁ በሳምንት አንድ ጊዜ በዚያው ሚኒባስ እንዲላክ ተስማሙ። በሬው አልተሸጠም፤ በኅዳር እህል ሲገባ የሚበራየው በእርሱ ነውና። በምትኩ ሁለት ፍየልና የዓመቱ ማር ሄደ፤ የእናትየውም መቀነት ተፈታ። እናትየው ዳግመኛ ፈተናውን አልረሱም፤ መጽሐፎቹን በጨርቅ ጠቅልለው ከስንቁ በታች አኖሩለት። ልጁም መጽሐፎቹን ደሴ አድርሷቸዋል፤ ማንበቡን ግን ማንም አልጠየቀውም፤ መልካምም አደረጉ።

በሚቀጥለው እሑድ በሰንበቴው ምእመናን እንደ ልማዳቸው ቄሱን፥ «አባ፥ ልጅዎ ስንት አመጣ?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ «ደሴ ሄደ» ብለው መለሱ። ጠያቂው ያልተጠየቀውን ሲመልሱለት ጥቂት ግራ ገባው፤ ኋላ ግን «ምን ሊማር?» አለ፥ ቄሱም ማስረዳት ጀመሩ። ሲያስረዱ ሲያስረዱ ጠላው ሞቀባቸው ይባላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዚያው አጥቢያ ሌሎች ሁለት አባቶች መጥተው የኮሌጁን መንገድ ጠየቋቸው፤ አንደኛው የመጣው ግን ዘግይቶ ነው፤ ልጁ ከመስቀል በፊት ከቤት ወጥቶ ሄዷል፤ ሐጂም ለዚያ አባት የሚያውቁትን ሰው ስልክ ሰጡት።

የኔታ በኅዳር ሚካኤል ለንግሥ ዳግመኛ ወደዚያ ወጡ። ልጁ ከደሴ ስለ ደኅንነቱ የጻፈውን መልእክት ቄሱ አነበቡላቸው፤ በመልእክቱ ውስጥ ሞረድ የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ነበረ። በማግስቱ ጠዋት ሊሄዱ በቅሏቸው ተጭና ሳለ ልጅቷ፥ ያች ስለ ሞተሩ የተናገረችው፥ በትራቸውን ይዛ እስከ ደጅ ሸኘቻቸው። ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ በሚመጣው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መምረጥ አለባት፤ በቤት ውስጥ ስለዚህ የተነጋገረ የለም፤ አጎቷ ግን ጅዳ ያለችው ልጁ ሥራ ታገኝላታለች ሲል ሰምታለች።

«የኔታ፥» አለች በትሩን ሳትሰጣቸው፥ «እኔን የሚጠይቁኝ መቼ ነው?»

የኔታ ወደ ፀሐይ ተመለከቱ፤ መንገዱ ሩቅ ነበረ። ከዚያም ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ለበቅሎይቱ ጭድ እንዲሰጧት አዘዙ።